ማንም ሳይነግረኝ በሕልሜ አየሁት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብንን ብዬ ተነሣሁ። አባቴን በሕልሜ አይቼው ነበር። ከራስጌዬ ያለችው ደብተር ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩና ስልኬን አነሣሁ። ሀገር ቤት ነግቷል። ይጠራል፣ አይነሣም። ደገምኩት። በሦስተኛው እህቴ አነሣችው።

«ማን ነገረህ?» አለችኝ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ።

አባቴ ከሁለት ቀን በፊት ወድቆ ሐኪም ቤት ተኝቷል። እንዳልጨነቅ ብለው ደብቀውኛል። «ማንም አልነገረኝም፣ በሕልሜ አየሁት» ስላት ሁለታችንም ዝም አልን።

ከሀገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ይህን ታሪክ አያጣውም። እዚህ ከማውቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ አንድ እንዲህ ያለ ሕልም አላቸው። አንዷ እናቷ ያረፉ ሌሊት አይታቸዋለች። አንዱ ወንድሙ ከመታሰሩ በፊት በር ሲዘጋበት አይቷል። ሲያወሩት ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የእኔንም ለሀገር ቤት ሰዎች ስነግራቸው ማንም አልጠየቀኝም። «ልብህ ነግሮህ ነው» አሉኝ፣ በቃ።

እዚህ ለሥራ ባልደረባዬ ስነግረው ግን በጥሞና ከሰማኝ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «አባትህን በሕልምህ አይተኸው ምንም ያልሆነበት ቀንስ ስንት ነው?» አለኝ። ልቤ ቅር አለው። አባቴ ታሞ ሰው ቁጥር ይጠይቀኛል ብዬ። ማታ ቤት ስገባ ግን ደብተሯን አወጣኋት። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስለነበር ሐኪሜ ነው በየሌሊቱ ጻፍ ያለኝ። አራት ወር ሙሉ ጽፌያለሁ።

ያነበብኩትን አልረሳውም። እኔ ለሰው ሁሉ ስናገር የነበረው አባቴ ነጭ አልጋ ላይ ተኝቶ ስሜን ሲጠራ አየሁ ብዬ ነው። ደብተሩ ላይ፣ ስልክ ከመደወሌ በፊት በገዛ እጄ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «አባባ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይፈልጋል። አንዱን አገኘሁለት።» አልጋ የለም። ነጭ ነገር የለም። ስሜን የጠራኝም የለም። አውቄ አልዋሸሁም። አልጋው አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል። እህቴ «ሐኪም ቤት» ስትለኝ ሕልሜ ራሱን አስተካክሎ አልጋ አስገባ። ገልበጥ ሳደርግ ደግሞ አባቴ አሥራ አንድ ቦታ አለ። በአንዱ ሞቶ አልቅሻለሁ። በማግስቱ ደውዬ ደህና ነበር፣ እንዲያውም ሲስቅ ነው ያገኘሁት። ያን ሕልም ለማንም አልነገርኩም። እኔም ረስቼዋለሁ።

ይህን ነገር በሰፊው የሞከረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 21 ቀን 1966 በዌልስ አበርፋን በምትባል የማዕድን ሠራተኞች መንደር፣ ከድንጋይ ከሰል ማውጫው የተረፈው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ትምህርት ቤት ላይ ወረደ። 144 ሰው ሞተ። 116ቱ ልጆች ነበሩ። ጆን ባርከር የሚባል የአእምሮ ሐኪም ቦታው ድረስ ሄዶ አየና በጋዜጣ በኩል «አደጋውን አስቀድማችሁ ያያችሁ ጻፉልኝ» አለ። 76 ደብዳቤ መጣለት፤ ብዙዎቹ የሕልም ታሪክ ናቸው። ባርከር ግን አንድ ነገር ገብቶታል። አደጋው ካለፈ በኋላ የተነገረ ሕልም አይታመንም። ስለዚህ በማግስቱ ዓመት ሰዎች ያዩትንና የታያቸውን ነገር ከመድረሱ በፊት የሚያስመዘግቡበት ቢሮ ከጋዜጣው ጋር ሆኖ ከፈተ። ቀን እየተጻፈበት ተቀመጠ። በ15 ወር ውስጥ 723 ትንቢት ተመዘገበ። ገጠመ የተባለው 18 ብቻ ነው። እኔ ባርከርን አከብረዋለሁ። እንዲሆን አጥብቆ ተመኝቷል፣ ግን ቀኑን አስቀድሞ ለመጻፍ አልፈራም።

ሒሳቡም ቢሆን ከባድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተኛ ሰው ዓይን ከሽፋሽፍቱ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ክፍል አገኙ። አብዛኛው ቁልጭ ያለ ሕልም የሚታየው ያኔ ነው። በአንድ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይመላለሳል፣ በድምሩ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ጠዋት እልም ይላል። አሁን አንድ ሌሊት ያየነው ነገር በአጋጣሚ የመግጠም ዕድሉ ከ10,000 አንድ ነው እንበል። በዓመት 365 ሌሊት አለ። ከ1,000,000 ሰው 36,000 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ የሚገጥም ሕልም ያያል ማለት ነው። ሁሉም ለቤተሰቡ ይናገራል። ያልገጠመለት ምን ብሎ ያወራል?

ግን እዚህ ላይ ማቆም አልፈልግም። ምክንያቱም የጫማው ነገር አልለቀቀኝም። እህቴን ኋላ ስጠይቃት አባቴ ከመውደቁ በፊት አንድ ወር ያህል ሲነሣ ያዞረው ነበር። እኔ በስልክ ስናወራ «ቆይ ልቀመጥ» ሲለኝ ሰምቻለሁ። አንድ ሁለቴ አይደለም። ሰምቼ አለፍኩት። የተኛው ጭንቅላቴ ግን አላለፈውም፤ አባቴ ተቀምጦ፣ ጫማውን ማግኘት ሲያቅተው አሳየኝ። ስለዚህ ሕልሜን ውሸት ነው አልለውም። ቀን ያልሰማሁትን ሌሊት ሰምቼዋለሁ።

የወደፊቱን በእርግጥ የሚጠቁም የሕልም ዓይነትም አለ። ሕልም ስናይ ጡንቻችን ይታሰራል፤ ስንሮጥ ብናይም እግራችን አይነሣም። አንዳንድ ሰው ላይ ይህ መታሰር ይላላል። ሕልም እያየ ይራገጣል፣ ይጮኻል፣ አጠገቡ የተኛውን ይመታል። በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ሐኪሞች እንዲህ የሚሆኑ 29 ወንዶችን ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጽሑፍ 11ዱ እጅ የሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን የሚያዘገይ፣ የፓርኪንሰን ዓይነት የአንጎል ሕመም ጀምሯቸው ነበር። ኋላ ላይ ቁጥሩ በጣም ጨመረ። አባታችሁ ወይም ባላችሁ በእንቅልፉ የሚታገል ከሆነ፣ ሕልሙ ምን ነበር ከማለት በፊት ሐኪም ያማክር።

የዮሴፍን ታሪክ አምኜ ያደግሁ ሰው ነኝ። የፈርዖንን ሰባት ላሞች የፈታው አምላክ ዛሬ አይናገርም ብዬ ማንንም አልከራከርም። ያው መጽሐፍ ግን ሕልም ከሥራ ብዛት እንደሚመጣም ይናገራል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሀገር ቤት ያለ ሰው ክፉ ሕልም ቢያይ ተነሥቶ ሄዶ ያየዋል። በዓይኑ አይቶ ይገላገላል። እዚህ ያለነው ግን ሕልሙን ይዘነው ሥራ እንገባለን። ጥርሷ ወልቆ ስላየች ሁለት ቀን እህል ያልቀመሰች ሴት አውቃለሁ። ጥርስ ሲወልቅ ማየትን ብዙ ሕዝብ በሞት ይፈታዋል። የእሷ ሰዎች ሁሉም ደህና ነበሩ። «ደህና ነን» ሲሏት ግን አላመነቻቸውም። ባለፈው ጊዜም ደህና ነን ብለዋት ነበርና።

ሥሩ እዚህ ያለ ይመስለኛል። እንዳይጨነቅ ተብሎ የሚደበቅበት ሰው የሚያምነው ምንም አይቀረውም። የድምፅ መቁረጥ ይተረጉማል፣ ዝምታ ይተረጉማል፣ ማታ ደግሞ ሕልም ይተረጉማል። እኛም ያው ነን። ሥራ ስናጣ፣ ስንታመም «አለሁ፣ ደህና ነኝ» እንላለን። ከዚያ እናቶቻችን በሕልማቸው ያዩናል። ለሀገር ቤት ሰዎች እለምናለሁ፦ ንገሩን። መምጣት ባንችል እንኳ ንገሩን። ለእህቴም ይህንኑ አልኳት። አለቀሰች፣ እሺም አለችኝ።

አባቴ ከሐኪም ቤት ወጥቷል። አሁን በምርኩዝ ይሄዳል። ባለፈው እሑድ ስደውል ሁሉንም በዝርዝር ነገረኝ፣ የመድኃኒቱን ስም ሳይቀር። ልንሰናበት ስንል «ትናንት ማታ በሕልሜ አየሁህ» አለኝ።

«ምን ሆኜ አየኸኝ አባባ?»

«ምንም። ቁጭ ብለህ ነበር። ከስተሃል።»

ያለወትሮዬ እውነቱን ነገርኩት። በደንብ እየበላሁ አይደለም አልኩት፣ እንቅልፍም የለኝም አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ደብተሯን ከፈትኩ። ቀኑን ጻፍኩ። ከሥሩ የአባቴን ሕልም ጻፍኩ።