ጋዙ የት ሄደ?

አዳማ ሙቀቱ ሲጠና ኤሲ የሚሰራ ሰው ማግኘት ራሱ ሎተሪ ነው፣ የተገኘው ደሞ መጥቶ ቀና ብሎ ያይና «ጋዝ ጨርሷል፣ እንሙላው» ይላል፣ ይሞላል፣ ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል፣ በዓመቱ ያው ሰውዬ ያው ወሬ። እኔ ብሆን ዋጋ ከመከራከሬ በፊት አንድ ነገር ነው የምጠይቀው፣ ጋዙ የት ሄደ?

ምክንያቱም የኤሲም የፍሪጅም ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፣ ዝግ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ነው የሚኖረው። ከቀነሰ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ እንኳን ሳያይ፣ ናይትሮጅን ሞልቶ ፕሬዠሩ መውረድ አለመውረዱን ሳያረጋግጥ የሚሞላ ሰው ብራችሁን አየር ላይ ነው የሚለቀው።

ደሞ ብዙ ጊዜ ጋዙ ምንም አልሆነም። ከተማዋን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ የዚህ አገር ነፋስ ተርባይን አዙሮ መብራት ያመነጫል፣ አቧራውን ግን ውጭ የተሰቀለው ዩኒት ላይ ነው የሚያራግፈው፣ ዩኒቱ ከተደፈነ ሙቀት ማስወጣት አይችልም፣ ቤቱም አይቀዘቅዝም። ጌጅ (የጋዙን ፕሬዠር መለኪያ) ከማሰሩ በፊት ፊልተሩን አውጥቶ ዩኒቱን በውሃ የሚያጥብ ልጅ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙት።

ቱቦው ከተከፈተ ወይም አዲስ ከተገጠመ ደሞ ቫኪዩም ፓምፕ (አየሩንና እርጥበቱን መጥጦ የሚያወጣው ማሽን) ግድ ነው። ትንሽ ጋዝ ለቀው «አየሩ ወጣ» የሚሉ አሉ፣ እርጥበቱ ግን ውስጥ ይቀርና ከጋዙና ከዘይቱ ጋር አሲድ እየሰራ ጋዙን የሚገፋውን ሞተር፣ ኮምፕሬሰሩን፣ ይበላዋል፣ ሲቃጠል ጥፋቱ መብራቱ ላይ ይለጠፋል (መብራቱም ከደሙ ንጹህ ነው አልልም፣ ስታብላይዘር ግዙ)።

የጋዙን አይነትም እቃው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋር አስተያዩት። የኤሲ ጋዞቹ አር 22 እና አር 410ኤ አይተካኩም፣ ሁለተኛው ፕሬዠሩ በ60 ፐርሰንት ገደማ ይበልጣል። ብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ላይ ያለው አር 600ኤ ተቀጣጣይ ነው፣ የሚሞላውም በጥቂት ግራም ስለሆነ ሚዛን ይፈልጋል፣ ሚዛን ሳይዝ በግምት የሚሞላ፣ ጋዙ ሳይወጣ የብየዳ ችቦ የሚለኩስ ሰው ቤታችሁ ባይገባ ይሻላል።

ይሄን ሁሉ የሚሰራ ሰው ይወደዳል፣ ግማሽ ቀንም ይፈጃል፣ አውቃለሁ። ለሳሎን ኤሲ ከሆነ ተከራከሩ ግድ የለም፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ ያለበትን ኢንሱሊን የሚሸጥ ፋርማሲ ግን ለፍሪጁ ርካሽ ሰሪ ሲፈልግ ሳይ ይገርመኛል።