ይህ ጉርሻ ፍቅር አይደለም

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ በሚዘጋጅ አንድ የአማርኛ የዩቲዩብ ዝግጅት ላይ የቀረበ የእንስሳት ነጋዴ የተናገረው ነገር እስካሁን እንቅልፍ ነስቶኛል። ከዱር ተይዞ የመጣ ቦል ፓይተን የሚባለው እባብ ሁለት ሳምንት ምግብ እንቢ ካለ አፉን ከፍቶ ማጉረስ ነው አለ። ተረቱንም ጨመረበት፦ ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው። አዘጋጁ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

የእህቴ ልጅ ቤት እንዲህ ያለ እባብ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ የተሳቢ እንስሳት ገበያ በ40 ዶላር ገዝቶት መጣ። ሻጩ እዚሁ የተፈለፈለ ነው ብሎታል። ሐኪም ዘንድ ስንወስደው ከቅርፊቱ ሥር አራት መዥገር ተገኘ። ቤት ውስጥ ተፈልፍሎ ያደገ እባብ መዥገር ከየት ያመጣል? ልጁን ዋሽተውታል። በዚያ ላይ ሌሊት እየደወለ «አክስቴ፣ ዛሬም አልበላም» ይለኛል። ያን ቪዲዮ ቀድሞ አይቶት ቢሆን ኖሮ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሳስበው ይዘገንነኛል።

ነጋዴው ከተናገረው ሁሉ ውሃ የማይቋጥረው «ከዱር የመጣ ጠንካራ ነው፣ ጫካ ያሳደገው ነው» ያለው ነው። የቱ ጫካ? ቦል ፓይተን በአብዛኛው የሣር ሜዳና የእርሻ ዳር እንስሳ ነው። ቀን ቀን በአይጥ ጉድጓድ ወይም በኩይሳ ውስጥ ይተኛል። ማታ ይወጣል። ጥንካሬው ያለው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ይሞቃል፣ እርጥበት አለው፣ ጨለማ ነው፣ ጠባብ ነው። ጋና ወይም ቶጎ ወይም ቤኒን ውስጥ አንድ ሰው ጉድጓዱን ቆፍሮ ሲያወጣው ያ ጥንካሬ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ጆንያ ነው። ከዚያ ብዙ እባብ የታጨቀበት ማከማቻ። ከዚያ አውሮፕላን፣ አስመጪ፣ አከፋፋይ፣ ገበያ። እዚህ ሲደርስ ተጠምቷል፣ ደክሟል። ደህና ሳለ ችሎ ይኖርባቸው የነበሩት የሆድ ትሎች አሁን ይበረቱበታል። ይህንን ነው ጠንካራ የሚለን።

አሁን ወደ ጉርሻው ልምጣ። ጉርሻ የሚያስጨንቀው እኮ ቤት ያፈራውን ቀርቦለት፣ ተጫውቶ፣ ጠግቦ ለተቀመጠ እንግዳ ነው። ከሩቅ መንገድ ተጠምቶ የገባን እንግዳ ደጃፍ ላይ ይዘህ፣ አፉን ፈልቅቀህ ሥጋ አትከትበትም። መጀመሪያ ውሃ ታቀርባለህ። አረፍ በል ትለዋለህ። እስኪረጋጋ ትተወዋለህ። ከዱር የመጣ እባብም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም።

ይህ እባብ ቦል፣ በእንግሊዝኛ ኳስ፣ የተባለው ሲፈራ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ራሱን መሃል ላይ ስለሚደብቅ ነው። እንግዲህ አስቡት። በግድ ለማጉረስ መጀመሪያ ያንን ኳስ መፍታት አለባችሁ። የደበቀውን ራሱን ፈልጋችሁ ማውጣት አለባችሁ። ከዚያ አንገቱን ይዛችሁ መንጋጋውን መክፈት። ድዱ ይቆስላል፣ ጥርሱ ይሰበራል። ሰውነቱ ውሃ ባጣበት፣ ሙቀቱ ባልተስተካከለበት ጊዜ የገባው አይጥ ደግሞ አይፈጭም። ወይ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ወይ መልሶ ይተፋዋል። ሲተፋው የነበረችውን ፈሳሽ ይዞ ይወጣል። ከበፊቱ የባሰ ደከመ ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት ደግሞ ምንድን ነው? ሴቷ ቦል ፓይተን እንቁላሎቿን ታቅፋ ሁለት ወር ገደማ ትቆያለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። ሁዳዴ እንኳ 55 ቀን ነው። ጤነኛ አዋቂ እባብ ለወራት ሳይበላ መቆየት ይችላል። ውሃ ግን እንዲህ አይጠብቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «በላ ወይ?» ሳይሆን «ጠጣ ወይ?» ነው። ሰፋ ያለ፣ ገብቶ ሊጠቀለልበት የሚችል የውሃ ዕቃ ይቀመጥለት። ውሃው በየቀኑ ይቀየር። ሁለት መደበቂያ ይኑረው፣ አንዱ በሞቃቱ ጥግ፣ አንዱ በቀዝቃዛው። ጠባብ ይሁኑ፤ ግድግዳቸው ሰውነቱን ሲነካው ነው የሚረጋጋው። ሞቃቱ ጥግ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌላው 26 አካባቢ። ማሞቂያው ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ከሌለው እባቡን ሊያቃጥለው ይችላል። እርጥበቱ 60 በመቶ ገደማ ይሁን። የመስታወት ሳጥኑን ሦስቱን ጎን በወረቀት ሸፍኑት። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ማቀፍ የለም፣ ለእንግዳ ማሳየት የለም፣ ለቲክቶክ መቅረጽ የለም።

ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ፣ ማታ፣ መብራት አጥፍቶ ትንሽ አይጥ ማቅረብ ነው። እንቢ ካለ አንስቶ በሳምንቱ መመለስ። ነጩን የላቦራቶሪ አይጥ ምግብ ነው ብሎ ላያውቀው ይችላል። እሱ የሚያውቀው ያገሩን የሜዳ አይጥ ሽታ ነው። ለዚህ ተብሎ የሚረባ የአፍሪካ አይጥ እዚህም ይሸጣል፤ ብዙዎቹ መብላት የሚጀምሩት በእሱ ነው። አገሩን ለቆ የመጣ ሰው ይህን ለመረዳት የሚከብደው አይመስለኝም።

አዎ፣ ክብደቱ በጣም ሲወርድ ሐኪም በቱቦ ፈሳሽ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። እሱን የሚወስነው የተሳቢ እንስሳት ሐኪም ነው እንጂ ዩቲዩብ አይደለም። ደግሞም ያው ሐኪም ኩሱን ለትል ይመርምርላችሁ። ሳጥኑ ወለል ላይ ነጭ የወጥ ቤት ሶፍት ብቻ አንጥፉ፤ ደምም ሆነ ጥቃቅን ጥቁር ተባይ ወዲያው ይታያል። ሌላ እባብ ካላችሁ ክፍሉን ለዩ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባለበት ቤት፣ ሳልሞኔላ በሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ምክንያት፣ እባቡ ባይገባ ይሻላል።

መዥገሩን ነጋዴው «በወረንጦ ይነቀላል» ብሎ አለፈው። መነቀሉስ ይነቀላል፤ ከዓይኑ ዙሪያ፣ ከአገጩ ሥር ተፈልጎ፣ አልኮል ውስጥ ይጣላል። ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። አሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ሦስት ዓይነት የአፍሪካ ኤሊዎች እንዳይገቡ የከለከለችው የተሸከሙት መዥገር ከብት፣ በግና ፍየል የሚፈጅ ሃርትዋተር የሚባል በሽታ ሊያስገባ ስለሚችል ነው። ያ በሽታ እኛ አገር ከብቶችም ላይ አለ። ከብት የሚያረባ ዘመድ ያለው ሰው መዥገርን እንዲህ አቃልሎ አያወራም።

«ንግዱ እኮ ሕጋዊ ነው» የሚል ይመጣል። ፈቃዱ አለ፣ አውቃለሁ። ቦል ፓይተን የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይትስ፣ ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ፈቃዱ ግን እባቡ ውሃ መጠጣቱን አይናገርም። ቤት ውስጥ የተፈለፈለው በየቦታው በሚሸጥበት አገር ከጉድጓዱ የተቆፈረውን መግዛት ምን አመጣው? ዝርያው ራሱ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለአደጋ ወደ መጋለጥ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ የደጋ እፉኝትም በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ሳጥን ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ይህ የጋናና የቶጎ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው አይቻልም።

የዝግጅቱ አዘጋጅ ያንን ክፍል ማረም አለበት። የተሳቢ እንስሳት ሐኪም ጋብዞ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ርዝመት። ቪዲዮው እስከ ዛሬ ጠዋት አልወረደም።

የእህቴ ልጅ እባብ ከመጣ ዛሬ 41 ቀኑ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ሲመዝነው 588 ግራም ነበር። ትናንት 611 ግራም ሆኗል። ምንም አልበላም፤ የጨመረው ውሃ ነው። ቀን ቀን መደበቂያው ውስጥ ይተኛል። ማታ ማታ ራሱን አውጥቶ አየሩን በምላሱ መቅመስ ጀምሯል። ቅዳሜ ማታ አይጥ ይቀርብለታል። እንቢ ካለም በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ይቀርብለታል። አፉን ማንም አይከፍተውም።