ማስተካከያ፦ ከጠገቡ በኋላ ማስነጠስ አለርጂ ነው ስለተባለው

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው ጽሑፍ «በልተህ ካስነጠስክ ጤፍ ወይም በርበሬ አለርጂ ሆኖብሃል፣ ተወው» ይላል። ስህተት ነው። አንዳንድ ሰው ምንም ይብላ ምን፣ ሆዱ ጢም ሲል በተከታታይ ያስነጥሰዋል፤ ከዚያ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 በአንድ የሕክምና ዘረመል መጽሔት የወጣ ሪፖርት ይህ ነገር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድ ያሳያል። ጉዳት የለውም፤ ቢበዛ እንግዳ ፊት ያሳፍር ይሆናል። በርበሬና ሚጥሚጣ አፍንጫ የሚያስፈስሱት ደግሞ የአፍንጫን ነርቭ ስለሚቀሰቅሱ ነው፣ እሱም አለርጂ አይደለም። ስለዚህ ያን ጽሑፍ አምናችሁ እንጀራ ያቆማችሁ፣ በተለይ ልጆቻችሁን የከለከላችሁ ካላችሁ፣ በማስነጠስ ብቻ መተው አያስፈልግም። ከንፈር ካበጠ፣ ሰውነት ካሳከከ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ።