የሆሆካም ሸክላ ሠሪዎች በአሸዋቸው ይታወቃሉ

በአሜሪካ ደቡባዊ አሪዞና በረሃ ጊላና ሶልት ወንዞችን በቦይ ጠልፈው ያርሱ የነበሩት የጥንት ሕዝብ ሆሆካሞች ሸክላ ለገበያ ይሠሩ ነበር ወይ ሲባል፣ ብዙዎች ማስረጃውን ከማቃጠያ ጉድጓድ ይጠብቃሉ። ጉድጓዱ ግን ደካማ ምስክር ነው። ሸክላው የሚቃጠለው ሜዳ ላይ እንጨት ተደርድሮበት ስለሆነ የሚቀረው አመድና የተጠበሰ አፈር ብቻ ነው፤ ከማብሰያ ምድጃ ለመለየት ያስቸግራል፣ ጎርፍም ይጠርገዋል። አርኪዮሎጂስቱ ኤሚል ሃውሪ በ1964 እና በ1965 ስኔክታውን የሚባለውን የሆሆካም መንደር ሲቆፍር ጭቃ የሚቦካባቸውን ጉድጓዶችና የማቃጠያ ቦታዎችን አግኝቷል። ያም ቢሆን ሥራ መኖሩን እንጂ ሸክላው ለማን እንደተሠራ አይነግረንም።

ይህን የሚነግረን ጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ ነው። ንጹሕ የሸክላ አፈር ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ አሸዋ ሲገባበት ውኃው በእኩል ይወጣል፣ እሳቱንም ይችላል። ከመጠን ካለፈ ደግሞ ጭቃው መያያዝ ያቅተዋል። ሆሆካሞች ዕቃውን ከውስጥ በመደገፊያ ይዘው ከውጭ በጠፍጣፋ እንጨት እየመቱ ግድግዳውን ስለሚያሳሱ፣ እንዲህ ያለው ጭቃ በዱላው ሥር ይፈረከሳል። አሸዋ ደግሞ ከባድና ርካሽ ስለሆነ ከሩቅ አይሸከሙትም፤ ከቅርቡ ደረቅ ጅረት ይዝቁታል።

ስለዚህ ገሉ እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር ድረስ ተሞርዶ ብርሃን ሲያስተላልፍ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ግራናይት ተራራ ኳርትዝና ፌልድስፓር የሚባሉ ማዕድናት ይሰጣል፤ የእሳተ ገሞራ ተራራ ደቃቅ ጥቁር ፍርፋሪ ይሰጣል፤ ሚካ የሚባል አንጸባራቂ ማዕድን ያለበት ሺስት የሚባል ድንጋይ ደግሞ ያብለጨልጫል። ከየጅረቱ ከተሰበሰበ ናሙና ጋር ሲነጻጸር የትውልድ ቦታው ይለያል። አንድ ወጥመድ አለ፦ የትልቁ ወንዝ አሸዋ የብዙ ተራሮች ድብልቅ ስለሆነ አያስለይም።

አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ አቦትና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ የሶልት ሸለቆ ሰዎች ይገለገሉበት የነበረው ነጣ ባለ ጭቃ ላይ በቀይ የተሣለ ሸክላ በአብዛኛው ከጊላ ወንዝ መንደሮች የመጣ መሆኑን አሳይተዋል። በቱሳን ከተማ አካባቢ ዌስት ብራንች በሚባለው የሆሆካም መንደር ደግሞ ማስረጃው ከሁለት ወገን ይገጥማል፦ የሥራው መሣሪያና ጥሬ ዕቃ ከመንደሩ ውስጥ፣ የዚያው መንደር አካባቢ አሸዋ ያለበት ሸክላ ደግሞ ከሌሎች መንደሮች ተገኝቷል። ሁለተኛው ይበልጣል ባይ ነኝ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንደሚባለው፣ ጥሩው ዕቃ ወጥቶ የሄደ ነውና ፍለጋው ከሠሪዋ ቤት ውጭ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ግን የሙሉ ቀን ሙያተኛ ወይም በንጉሥ የሚታዘዝ የሸክላ ሥራ ቤት ነበረ ማለት አይደለም። በቤቷ፣ ከእርሻ ሥራ በተረፈ ጊዜ የምትሠራም ሴት ለብዙ መንደር ልትበቃ ትችላለች።

የቁፋሮ በጀት ሲመደብ ታዲያ ሥዕል የሌለው ተራ ገልም ድርሻውን ያግኝ። የጅረት ናሙናውም ቶሎ ይሰብሰብ፤ ፊኒክስና ቱሳን በሰፉ ቁጥር አሸዋው የሚዛቅባቸው ጅረቶች ኮንክሪት እየለበሱ ነው።