ሁሉም ነገር «ብርድ ነው» የሚባልበት አገር

ዶሮ አርቢዎች፣ እስቲ ንገሩኝ፤ በዚህ አገር ጫጩት ከብርድ ሌላ በሽታ አይይዛትም እንዴ? ዓይኗ ቢያብጥ ብርድ፣ ቢያስቀምጣት ብርድ። አሁን ደግሞ ጣቶቿ እንደ ጡጫ ወደ ውስጥ ተጨብጠው መቆም ሲያቅታት፣ እሱም ብርድ! መኖውን የሸጠኝ ሰውዬ በስልክ የመለሰልኝ ይህንኑ ነው፦ «አይዞሽ እህቴ፣ ብርድ መትቷቸው ነው፤ አምፖል ጨምሪ።» አምፖሉማ አለ! የበረዳት ጫጩት ከጓደኞቿ ላይ እየተከመረች ትንጫጫለች እንጂ ጣቷን አትጨብጥም።

ያላያችሁት ካላችሁ ልንገራችሁ። ጫጩቷ ንቁ ናት፣ ዓይኗ ይበራል፣ መብላትም ትፈልጋለች። የምትሄደው ግን በቁርጭምጭሚቷ ነው፤ እንዳትወድቅ ክንፎቿን ዘርግታ፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ አረፍ እያለች። መመገቢያው ዘንድ ስትደርስ ሌሎቹ ጠራርገው ጨርሰዋል። አብዛኞቹን የሚገድላቸው ረሃብና መረጋገጥ ነው። ይህን ቆሞ ማየት እንዴት እንደሚያንገበግብ!

ነገሩ የቫይታሚን ቢ-2፣ የሪቦፍላቪን እጥረት ነው። ሲያንስ የእግር ዋናው ነርቭ ያብጥና ጣቶቹ ይታጠፋሉ። በቆሎና ፉርሽካ ብቻውን ለጫጩት አይበቃም፤ መኖ ውስጥ ፕሪሚክስ የሚባለው የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ የሚጨመረው ለዚህ ነው። ፕሪሚክስ ደግሞ ውድ ነው። ቢቀንሱት ማን ያውቃል? ጆንያው ላይ የተጻፈው «የጫጩት መኖ» የሚል ብቻ ነው። ምን እንዳለበት የለም፣ መቼ እንደተመረተ የለም። ቫይታሚን በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይደክማል፤ የእኛ ጆንያ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስንት ወር እንደከረመ ፈጣሪ ይወቀው።

መድኃኒት መሸጫውማ አይነሳ! ገና ሳልጨርስ ኦክሲቴትራሳይክሊን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወንድሜ፣ ፀረ ተሕዋስያን የጎደለ ቫይታሚን አይተካም! የሚያናድደው ጊዜው ነው፤ ቫይታሚኑ ቶሎ በውሃ ከተሰጣት ጫጩቷ በጥቂት ቀናት ልትነሳ ትችላለች፤ ከዘገየ ነርቩ ተጎድቶ ይቀራል። «እስቲ ብርዱን እንየው» እየተባለ የሚባክነው ያ ጊዜ ነው።

የእግር ችግር ሁሉ ይህ ነው አላልኩም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሮቿ ግራና ቀኝ ተከፍተው የተንፈራጠጠች ጫጩት ካያችሁ ወለሉን ተመልከቱ፤ ጋዜጣና ፕላስቲክ ያንሸራትታል። ሰጋቱራ ጎዝጉዙ፣ ሁለቱን እግሮች በመጠን አራርቃችሁ በስስ ፋሻ እሰሩ። በዕድሜ ከፍ ያሉት አንድ እግር ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ ከዘረጉ ደግሞ ማሬክስ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እሱ መድኃኒት የለውም፣ ክትባቱም የሚሰጠው በተፈለፈሉበት ቀን ነው። ሦስት የተለያየ ነገር፣ ሦስት የተለያየ መፍትሔ። ለሻጮቻችን ግን ሦስቱም ብርድ ናቸው! የአርባ አምስት ቀን ቄብ የሚያከፋፍሉትማ የተጣመመ ጣት እያሳየናቸው «ስታድግ ይስተካከላል» ይላሉ። ዋጋው ላይ ግን የሚያስተካክሉት ነገር የለም።

ሰውየው ትናንት ደውሎ አዲስ መኖ መግባቱንና ዋጋው መጨመሩን አበሰረኝ። ፕሪሚክስ አለበት ወይ አልኩት። «እሱንማ ፋብሪካውን ጠይቂ» አለኝ። ጆንያውን ገልብጬ አየሁት፤ የፋብሪካው ስልክ ቀርቶ ስሙም አልተጻፈበትም።