ከአልጋ ሥር የተገኘ ባትሪ

ሰሞኑን አዳማ እኛ ሰፈር ሌላ ወሬ የለም። ከእኛ ሁለት ቅያስ ወረድ ብሎ ፖሊስ አንድ ቤት ፈትሾ ከአልጋ ሥር በማዳበሪያ የተቋጠረ የተሰረቀ የባጃጅ ባትሪ አወጣ። ባልየው የለም። ሚስቱ ከምጣድ ላይ ተነስታ፣ እጇ ሊጥ እንደነካ ተወሰደች።

ቡና ላይ ክርክሩ ጦፈ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈር ዳኛ የሆኑ አንድ ጋሼ «አንድ አልጋ እየተኙ አላየሁም ይባላል?» አሉ። ማስረጃቸው ያቺው አልጋ ናት፤ ሌላ ሲጠየቁ እሷኑ መልሰው ያመጣሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው» አለቻቸው ሕግ የምትማር የጎረቤት ልጅ። እኔም ከመነሻው ልቤ እሷ ጋ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 57 ጥፋት የሌለበት ሰው አይቀጣም ይላል። አንቀጽ 682 የሚይዘውም የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የተቀበለን፣ የደበቀን፣ የሸጠን ነው። እዚያ ቤት ማደር ብቻውን የለበትም። ደግሞ ሰውዬው ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ ቤታቸው ሁሌም ግሪስ ይሸታል። ባትሪ ከአልጋ ሥር ማየት ለእሷ ሽንኩርት ጓዳ ውስጥ እንደማየት ነው። የትኛው ደረሰኝ እንዳለው በምን ትለየው?

«አውቃለች እንበል፤ ለምን አልጠቆመችም?» አሉ ጋሼ።

«ዝም ማለት በአንቀጽ 443 በዋናነት የሚያስጠይቀው ሞት ወይም ዕድሜ ልክ በሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ባትሪ ስርቆት እዚያ አይደርስም። ገዢ ስታፈላልግለት ብትያዝ ግን ሌላ ነገር ነው» አለች ልጅቷ። ጋሼ ሲኒያቸውን አዙረው «ሕጉ ለሌባ ያደላል» አሉና ተነሡ። መልስ ሲጠፋ ጥፋተኛው ሕጉ ነው!

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የዛሬ ነገር አይደለም። ባል የሚያገኘውን ለጓደኛው እንጂ ለሚስቱ አይናገርም፤ የባንክ ደብተሩም በስሙ ነው። ዕቃ ሲያዝ ግን «የጋራ ቤታችሁ» ይባላል። ፍርድ ቤት ገና ምንም ሳይል ሰፈሩ «የሌባ ሚስት» ብሏታል፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተከሳሽን እስኪፈረድበት ንጹሕ ነህ ማለቱን ማን ያስታውስ?

ደግሞ የሚገርመው፣ በግማሽ ዋጋ ያለ ደረሰኝ ባትሪ የሚገዛው ባለ ባጃጅ ስንት ነው! «ማወቅ ሲገባው» የሚለው ከእሷ ይልቅ ለእሱ ይቀርባል፤ ግን እሱ ቡናችን ላይ ተቀምጦ ይፈርድባታል።