ማስተካከያ፦ ወደ ሞሬይን ሐይቅ በራስ መኪና መሄድ ቀርቷል

በካናዳው ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ስለሚገኘው ሞሬይን ሐይቅ ቀደም ሲል በወጣው መረጃ ላይ «ጎህ ሳይቀድ በመኪና ከደረሳችሁ ማቆሚያ አታጡም» የሚል ምክር ነበር። ይህ ምክር አሁን አይሠራም። እንደ ፈረንጆቹ ከ2023 ጀምሮ የግል መኪና በዚያ መንገድ እንዲያልፍ አይፈቀድም። በሌሊት ብትነሱም ያው ነው። የአካል ጉዳተኛ የመኪና ፈቃድ ለያዙ ብቻ ጥቂት ቦታ አለ።

ዋናው መሄጃ የፓርኩ አውቶቡስ ነው። ከሌክ ሉዊዝ የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ የመኪና ማቆሚያ ይነሳል፤ ወንበር ግን ቀድማችሁ መያዝ አለባችሁ። በፀደይ ሽያጩ ሲከፈት ካመለጣችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ቀሪዎቹ ትኬቶች ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት፣ በአካባቢው ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይለቀቃሉ። ስልካችሁን ይዛችሁ ጠብቁ፤ ቶሎ ያልቃሉ።

ወቅቱንም በተመለከተ በዚያው መረጃ ለመሄድ ጥሩው ጊዜ «ሰኔ መጀመሪያ» የተባለው የፈረንጆቹን ጁን ነው። እሱም ቢሆን ትንሽ ይቸኩላል። መንገዱ ያኔ ይከፈት ይሆናል፤ ሐይቁ ግን ብዙ ጊዜ ገና በረዶ አለበት፣ ውኃውም ዝቅ ያለ ነው። ሰው የሚጓጓለት ያ ሰማያዊ ቀለም የሚመጣው ከአለት ነው። የበረዶ ግግር ድንጋዩን እንደ ዱቄት ያልመዋል፤ ከበረዶው የሚቀልጠው ውኃ ብናኙን ወደ ሐይቁ ያወርደዋል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ውኃው ያን መልክ ይይዛል። ስለዚህ ከጁን መጨረሻ በኋላ ሂዱ፤ ልዩነቱ በጣም ትልቅ ነው። በኦክቶበር አጋማሽ ገደማ መንገዱ ይዘጋል።

በያዛችሁት ትኬት ሌክ ሉዊዝንም ማየት ትችላላችሁ፤ ሁለቱን ሐይቆች የሚያገናኝ አውቶቡስ አለ።